ተራ አስከባሪ የሌለው አየር

ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ በላይ የሚደጋገም የኔትወርክ ስሞታ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው «ኮኔክት ይላል ግን አይሠራም» ይላል። የአይሲቲ ባለሙያው «ባንድዊድዙ አንሶን ነው» ብሎ ይመልሳል። አስተዳደሩ ደግሞ ተጨማሪ ሜጋ ቢት እንዲለቀቅለት ለኢትዮ ቴሌኮም ደብዳቤ ይጽፋል። መስመሩ ይሰፋል፤ ክፍያው ይጨምራል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሁሉም እራቱን በልቶ ዶርሙ ሲገባ፣ ገጹ አሁንም አይከፈትም።

እኔ እንደሚመስለኝ ስሞታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደተሳሳተ በር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ግቢው በር የሚመጣውን መስመር በገንዘብ ማስፋት ይቻላል። በመኝታ ብሎኮቹ መካከል ያለውን አየር ግን ማንም አያሰፋውም። ያለውን መካፈል ብቻ ነው የሚቻለው፤ የዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ አስተዳደር የሚባለው ሥራም ከሞላ ጎደል ይኸው ማካፈል ነው።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ ቆመን እንየው። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የሐዲያ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ዩኒቨርሲቲም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አንድ አጥር ውስጥ አልተሰበሰበም። ሆሳዕና ላይ ዋናው ግቢ አለ። ከሐዲያ ገዥ (ገራድ) ቤት ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በሆነችው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የሚጠራው ሆስፒታል አለ። ወደ ከምባታ ሲወረድ ደግሞ የዱራሜ ካምፓስ አለ። እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ ላቦራቶሪ፣ ዶርም፣ ላይብረሪ፣ የሕሙማን ክፍልና የመምህራን ቢሮ ሁሉ ከአንድ ኔትወርክ ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ተበታትኖ መቀመጡና በአየር መገናኘት መፈለጉ አዲስ ነገር አይደለም። ለዛሬው ዋይፋይ መንገድ የጠረገው የሬዲዮ ኔትወርክ የተወለደው በዚሁ ምክንያት ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች በተለያዩ ደሴቶች ላይ ነበሩ። ኖርማን አብራምሰን የተባሉ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1971 አሎሃኔት ያሉትን ሥርዓት ሥራ አስጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ጣቢያ በአንድ ሞገድ ላይ፣ በፈለገው ሰዓት ይልካል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ልከው መልእክታቸው ከተጋጨ፣ እያንዳንዳቸው የተለያየ ጊዜ ቆይተው ደግመው ይልካሉ። አብራምሰን ሲያሰሉት ይህ አካሄድ ከሞገዱ አቅም ጥቅም ላይ ሊያውል የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በግጭትና በዝምታ ይባክናል።

ዋይፋይ የአሎሃ የልጅ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያው ደንብ ሲወጣ በአሎሃ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ፦ ከመላክህ በፊት አድምጥ። አየሩ ከተያዘ ጠብቅ፤ ሲለቀቅም ወዲያው አትጀምር፤ ዕጣ እንደማውጣት ለራስህ አጭር የመቆያ ጊዜ ምረጥና እሱን ጨርሰህ ላክ። ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ ባይኖርና ተሳፋሪው ሁሉ በይሉኝታ ብቻ እርስ በርሱ እየተያየ ቢገባ ማለት ነው። አሥር ሰው ሲሆን በደንብ ይሠራል። ሁለት መቶ ሲሆን ከመሳፈር ይልቅ መተያየቱ ይበዛል። አንድ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ፣ እና በእሱ ላይ የተሰቀሉ ስልኮች ሁሉ፣ አክሰስ ፖይንቱን ጨምሮ፣ አንድ ቻናል ላይ በየተራ ነው የሚናገሩት። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል።

የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ተማሪዎች የሚሻሙት ሜጋ ቢት ይመስላቸዋል፤ የሚሻሙት ግን ጊዜ ነው። 1,500 ባይት የያዘ አንድ የመረጃ እሽግ 12,000 ቢት ነው። በሴኮንድ 54 ሜጋ ቢት የሚነጋገር ቅርብ ያለ ላፕቶፕ ይህንን ለመላክ ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ ሩብ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ያለና ምልክቱ ደክሞ ወደ 1 ሜጋ ቢት የወረደ ስልክ ግን ያንኑ እሽግ ለመላክ 12 ሚሊ ሴኮንድ አየሩን ይይዛል። ልዩነቱ 54 እጥፍ ነው። ሁለቱም ተራቸውን በእኩል ቁጥር ቢያገኙ እንኳ ሩቅ ያለው ስልክ ሰዓቱን ሁሉ ይበላዋል፤ ቅርብ ያለው ላፕቶፕም በሩቁ ስልክ ፍጥነት እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ አስተዳዳሪ ከሚወስዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ጭካኔ የሚመስል ነው፤ ዝቅተኞቹን ፍጥነቶች ከአክሰስ ፖይንቱ ላይ ይዘጋቸዋል። ከተፈቀደው ፍጥነት በታች የሚወርድ ስልክ ወይ ወደሚቀርበው አክሰስ ፖይንት ይሂድ፣ ወይ ከነጭራሹ አይገናኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ስሞታው ይበዛል። በሁለተኛው ሳምንት ኔትወርኩ ይፈጥናል።

ሌላው የጊዜ ሌባ ስም ማብዛት ነው። በአንዳንድ ግቢ ስልክ ሲከፈት የሚዘረዘረውን አይታችኋል፤ ለተማሪ አንድ፣ ለመምህር አንድ፣ ለአስተዳደር ሠራተኛ አንድ፣ ለእንግዳ አንድ፣ ለፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት አንድ። ሥርዓት ያለው ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስም በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል «እዚህ አለሁ» እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ሁሉም እንዲሰማው ሲባል በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚላከው። በ1 ሜጋ ቢት አንዱ ጩኸት ከ2 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። አምስት ስም የሚያስተላልፉ ሦስት አክሰስ ፖይንቶች በአንድ ቻናል ላይ ቢሰማሙ፣ ማንም ተማሪ አንዲት ፊደል ሳይልክ የአየሩ አንድ ሦስተኛ ገደማ በስም ጥሪ ያልቃል። ለአንድ ግቢ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ስም ይበቃል። መምህሩን ከተማሪው መለየት የሚገባው ከገቡ በኋላ በመለያቸው ነው፤ በሩን ማብዛት አያስፈልግም።

ቻናሎቹም ብዙ አይደሉም። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ላይ በአብዛኛው ዓለም 13 ቻናል ተቆጥሯል፤ እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንድ የዶርም ብሎክ ውስጥ አራተኛ አክሰስ ፖይንት ሲሰቀል ከሦስቱ የአንዱን አየር መካፈሉ አይቀርም። «ቻናል 3 ባዶ ነው» ብሎ እዚያ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል። 5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ቦታው በጣም ሰፊ ነው። ሞገዱ አጭር በመሆኑ ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል፤ ይህ ጉድለት ይመስላል፤ በተጨናነቀ ብሎክ ውስጥ ግን ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። የአንዱ ፎቅ ድምፅ የሌላውን ፎቅ አይረብሽም። ችግሩ ብዙ ርካሽ ስልክ 5 ጊጋውን አለማወቁ ነው፤ ስለዚህ 2.4ን መዝጋት አይቻልም፤ አቅም ያለውን ወደ 5 መግፋት ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ በየቢሮው የሚሰማ አንድ ሐሳብ አለ፦ «ለምን ጉልበት ያለው አክሰስ ፖይንት አንገዛም?» አይጠቅምም። ውይይት ሁለት ወገን አለው። አክሰስ ፖይንቱ በኃይል ቢጮኽ ስልኩ ይሰማዋል፤ ምልክቱም ሙሉ ሆኖ ይታያል። ስልኩ ግን ባትሪው ትንሽ፣ አንቴናውም ትንሽ ነው፤ መልሱ ወደ አክሰስ ፖይንቱ አይደርስም። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ሙሉ ምልክትና የማይከፈት ገጽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተጨማሪም የጎላው ጩኸት ጎረቤት ብሎክ ድረስ ሄዶ እዚያ ያሉትን ዝም ያሰኛቸዋል። ልምድ ያለው ባለሙያ የአክሰስ ፖይንቶቹን ጉልበት ይቀንሳል፤ ቁጥራቸውን ይጨምራል፤ ከኮሪደር አንስቶም ክፍል ውስጥ ይሰቅላቸዋል። ኮሪደር ላይ የተደረደሩ አክሰስ ፖይንቶች ግድግዳ ስለማይከልላቸው እርስ በርስ በደንብ ይሰማማሉ፤ በብሎኬትና በብረት በር የተዘጋው ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ግን አይሰማቸውም። ቆርቆሮና ብረት ሞገዱን ይመልሱታል። የሰው አካልም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገድ ይውጣል፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለካ ኔትወርክ ሦስት መቶ ተማሪ ሲገባበት ሌላ ኔትወርክ ነው። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግቢውን በሙሉ ያለ ሽቦ ለማገናኘት ሲነሱ ብዙ ድካም የወሰደባቸው የቦታ መረጣው ነበር፤ መሣሪያ ይዘው ሕንፃ ለሕንፃ እየዞሩ ለኩ። ዛሬ ያንን ልኬት በአንድ ስልክና በነፃ አፕ መሥራት ይቻላል። ጣሪያ ላይ ሚስማር ከመመታቱ በፊት የግማሽ ቀን ዙረት ነው።

ስለ ክረምት አንድ ነገር ልበል። «ዝናብ ሲመጣ ዋይፋይ ይጠፋል» ሲባል ይሰማል። ዝናቡ በዋይፋይ ሞገዶች ላይ ያለው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከመብረቅና ከመብራት ነው። ሕንፃን ከሕንፃ በመዳብ ኬብል ያገናኘ ግቢ፣ መብረቅ አጠገቡ በወደቀ ቁጥር ስዊቾቹን፣ ማለትም ኬብሎቹን የሚያገናኙትን ዕቃዎች፣ ይቀብራል፤ መዳቡ ኤሌክትሪኩን ይዞለት ይገባልና። ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የመዳብ የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ እንዳይዘረጋም ደንቡ ይከለክላል። በሐዲያና በከምባታ ደጋ ላይ በብሎኮች መካከል ፋይበር መቅበር ቅንጦት አይደለም።

በሬዲዮ ሁለት ሩቅ ነጥቦችን ማገናኘት ሲፈለግ ደግሞ አንቴናዎቹ መተያየት አለባቸው። ዱራሜ አጠገብ እንደቆመው አምባሪቾ ያለ ተራራ መሀል ከገባ ያለ ማቀበያ ጣቢያ አይታለፍም። ተራራ ግን ከመጀመሪያው ይታያል። የሚያታልለው ባሕር ዛፍ ነው። አንቴናዎቹ ሲተከሉ ከሥር የነበረው ችግኝ በጥቂት ዓመት ውስጥ መስመሩን አልፎ ይቆማል፤ ውኃ የሞላው ቅጠልም ሞገዱን ይጠጣዋል። በዕቃ ብልሽት ሲሳበብ የቆየ መስመር በመጥረቢያ የሚድንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ «ኮኔክት ይላል ግን አይሠራም» ልመለስ፤ ሌላ ምክንያትም አለውና። ስልክ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር ከተያያዘ በኋላ የቁጥር አድራሻ ከአንድ ሰርቨር መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሕንፃ የሚመደበው 254 አድራሻ ነው፤ አንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ካልነኩት በቀር አድራሻውን ለስምንት ቀን ያውሳል። ላይብረሪ ደጃፍ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያለፈ ተማሪ ሁሉ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ሳያማክረው አንድ አድራሻ ወስዶለት ይሄዳል፤ ቁጥሩም እስከሚቀጥለው ሳምንት ታስሮ ይቆያል። ቀትር ሲሆን አድራሻ ያልቃል። ምልክቱ ሙሉ፣ መስመሩ ባዶ፣ ተማሪው ግን ቆሞ ይቀራል። መድኃኒቱ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የውሰቱን ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ማሳጠርና የአድራሻውን ብዛት ማስፋት ነው። ለተጨማሪ መስመር ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ይህ መታየት ነበረበት።

ከዚህ የከፋው ተማሪው ራሱ ከገበያ ገዝቶ የሚያመጣው ትንሽ ራውተር ነው። ዶርም ግድግዳ ላይ ያለ የኔትወርክ ሶኬት ያገኛል፤ ይሰካዋል፤ ብዙ ጊዜም በተሳሳተው ቀዳዳ ነው የሚሰካው። ከዚያ ያቺ ራውተር በብሎኩ ላሉት ሁሉ እኔ ነኝ አድራሻ ሰጪ ማለት ትጀምራለች። የሰጠችው አድራሻ የትም አያደርስም፤ አንድ ፎቅ ሙሉ ከኢንተርኔት ውጭ ይሆናል። ለዚህ ተማሪን መቅጣት ቀላሉ መንገድ ነው፤ የሚሻለው ግን ስዊቹን ማስተካከል ነው። ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑ ስዊቾች እንኳ ከተፈቀደው ቀዳዳ ውጭ የሚመጣ አድራሻ ሰጪን አፍ የሚዘጉበት ቅንብር አላቸው። ደግሞም ተማሪ ከኪሱ አውጥቶ ራውተር የሚገዛው የተሰጠው ስላልደረሰው ነው።

የግል ኔትወርክን በኃይል የማፈን ፈተናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያ በናሽቪል ባለ አንድ ሆቴሉ የእንግዶቹን የስልክ ሆትስፖት ሆን ብሎ ሲያቋርጥ ተገኝቶ ለአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 600,000 ዶላር ለመክፈል ተገዷል። አየሩ የሆቴሉ ንብረት ስላልሆነ ነው። ግቢም ሕንፃው የራሱ ነው፤ አየሩ ግን አይደለም።

ፓስወርድ ላይ ብዙ አልቆይም። ለመላው ግቢ አንድ ፓስወርድ መስጠት በቴሌግራም እስኪለጠፍ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ መለያ ቁጥርና በራሱ ፓስወርድ ሲገባ ሦስት ነገር ይገኛል፤ የተመረቀው ይወጣል፣ መሣሪያው በቫይረስ የተያዘው ይታወቃል፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ከሆስፒታሉ መረጃ ጋር፣ ጠያቂው ደግሞ ከኢንተርኔት ጋር ብቻ ይገናኛል። የሕሙማን መዝገብና የአስታማሚው ቲክቶክ በአንድ መስመር መሄድ የለባቸውም። ከዚህ ከፍ ሲል ኤዱሮም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ኔዘርላንድ ውስጥ ክላስ ቪሬንጋ ባቀረበው ሐሳብ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ሥርዓት ነው። መምህሩ በእናት ዩኒቨርሲቲው መለያ አባል በሆነ በማንኛውም ግቢ ይገናኛል። ማንነቱን የሚያረጋግጠው የራሱ ተቋም ነው፤ እንግዳ ተቀባዩ ፓስወርዱን አያየውም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የጋራ ቤት የሆነው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ለእንዲህ ያለው ነገር ተገቢው ቦታ ነው።

ከውጭ ወደ ግቢው የሚመጣውን መስመር ከነጭራሹ አልረሳሁትም። ጠባብ መስመር ጠባብ ነው። ግን እሱም ሲካፈል ነው የሚበረክተው። አንድ ሰው ፊልም ሲያወርድ ሌላው የምርምር ጽሑፍ መክፈት የሚያቅተው መስመሩ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚያካፍል ቅንብር ስለሌለ ነው። መቶ ተማሪ ያንኑ የመምህር ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ሲያወርድ አንዱ ፋይል መቶ ጊዜ ከውጭ አገር ይመጣል። ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ግን የውጭውን መስመር አይነካም። ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስም በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። መስመር በተቋረጠ ቀን ላይብረሪው ክፍት ሆኖ የሚውለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በመጨረሻ ስለ ፈተና። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር ተሰጥቷል። አራት ዓመት የተማረ ልጅ ውጤት በአንድ ቀን ኔትወርክ ላይ ይንጠለጠላል። እስካሁን እንዳየነው ዋይፋይ ሁሉም በየተራ፣ በመጠባበቅና በመጋጨት የሚካፈለው አየር ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ መቶ ኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ «ጀምር» ሲጫን ከዚህ የባሰ ፈተና የለበትም። ኬብል ግን ለእያንዳንዱ ወንበር የራሱን መንገድ ይሰጣል። ይህንን የምታነቡ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ለዶርሙ፣ ለላውንጁና ለሣር ሜዳው ዋይፋይ ዘርጉ። ለፈተና ክፍሉ ኬብል አስገቡ፤ ስዊቹን ከባትሪ ጋር አያይዙት፤ ፈተናው ከመድረሱ አንድ ወር አስቀድማችሁም ክፍሉን በተማሪ ሞልታችሁ ሞክሩት።